ምድር ከረጋች በኋላ፦ ከአረርቲ እስከ አዋሽ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጆ የደረሰ መንገደኛ፣ ወደ አዳማ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ትቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከታጠፈና እጀሬን ካለፈ አረርቲን ያገኛታል። አረርቲ በሰሜን ሸዋ ዞን የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። «ምንጃር» ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ነጭ ጤፉ ነው። ሰዉ ብርቱ ገበሬ፣ ጤፉና ሽምብራው የታወቀ፤ ችግሩ ግን ውኃ ነው። ስለዚህም ብዙ ገበሬ በጓሮው ኩሬ ቆፍሮ፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፎ የክረምቱን ዝናብ ያጠራቅማል፤ በዚያም የሽንኩርት ችግኝ ያፈላል። ከሰማይ የመጣለትን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ግን በጥር ወር 2018 ዓ.ም. በትምህርት ቤቶች የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ወደዚች ከተማ የሄድነው ጤፍ ልንሸምት አልነበረም። የሄድነው የአንዲት ተማሪያችን ጥያቄ አላስቀምጥ ስላለን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. የረመዷን ወር፣ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ከቤታቸው ለወጡ ወገኖች በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ልብስ፣ ዱቄትና ተምር ሰብስበን ነበር። ልጆቹ ከየቤታቸው የቻሉትን ይዘው መጡ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ የራሷን ብርድ ልብስ አጣጥፋ አመጣች። ጭነን ላክን፤ ከመኪናው ፊት ቆመን ፎቶግራፍ ተነሣን፤ «አላህ ይቀበለን» ተባባልን። ከዚያም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ረሳነው።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ያቺው ልጅ አምስተኛ ክፍል ገብታ በረንዳ ላይ አገኘችንና «መምህር፣ ብርድ ልብሴን የወሰደችው ልጅ ቤቷ ገባች?» ብላ ጠየቀችን። የምንመልሰው አጣን። «ኢንሻአላህ ገብታለች» ብለን አለፍን። ልጅቷ ዝም ብላ አየችን። ይህን ቃል በማናውቀው ነገር ላይ መሸፈኛ ማድረጋችን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሲቆጨን ከረመ።

ጉዟችንን ከአረርቲ የጀመርነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የኮሌጅ ጓደኛችን በዚያ መምህር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የመንቀጥቀጡ አንዱ እምብርት የነበረው የፈንታሌ ተራራ ከአረርቲ በስተምሥራቅ፣ በአየር ቢለካ 60 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ላይ መገኘቱ ነው። ዜናው ሁሉ ስለ መተሐራና ስለ አዋሽ ሲሆን፣ በዳር ያሉት ከተሞች እነዚያን ወራት እንዴት እንዳሳለፉ የጠየቃቸው ጥቂት ነው።

«ንፋስ መስሎን ነበር»

ለማስታወስ ያህል፣ መንቀጥቀጡ የጀመረው በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነበር። መስከረም 26 ቀን ምሽት የአዲስ አበባ ሰው ሳይቀር ከፎቅ እየወረደ ደጅ ወጣ። ጋብ አለ ሲባል በታኅሣሥ አገረሸ። ታኅሣሥ 25 ቀን በአፋር ክልል በዶፈን ተራራ አካባቢ ከተሰነጠቀው መሬት እንፋሎት እየተግተለተለ ይወጣ ጀመር። ታኅሣሥ 26 ሌሊት፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ወደ 5.8 የሚጠጋ ነውጥ ደረሰ። የካቲት 7 ቀን፣ ዓርብ ምሽት ደግሞ 6.0 የተለካው መጣ። በሥጋት ላይ በነበሩት የአፋርና የኦሮሚያ ቀበሌዎች ከ80,000 በላይ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር መንግሥት በዚያው ሰሞን አስታውቋል። የከሰም ስኳር ፋብሪካም ሥራ እስከ ማቆም ደርሶ ነበር።

በአረርቲ የጓደኛችን ጎረቤት የሆኑ እናት ቡና እያፈሉ እንዲህ አጫወቱን። «መጀመሪያ የሚናገረው ቆርቆሮው ነው፣ ልጄ። ንፋስ መስሎን ነበር። ኋላ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ሲንጫጫ ጊዜ ልጆቹን ጎትቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ጫማቸውን አድርገው ይተኙ ጀመር። ዛሬም ከባድ መኪና ሲያልፍ ትንሹ ከአልጋው ዘሎ ይወርዳል።»

ለመሆኑ ከሁሉ የከበደዎት ምን ነበር? ብለን ጠየቅናቸው። «አለቀ የሚለን ሰው መጥፋቱ» አሉን።

ይህ አነጋገራቸው ብዙ አሳሰበን። በባሕር ዳርቻ አገሮች ዐውሎ ነፋስ ሲነሣ ስም ይወጣለታል፤ ከቀናት በፊት በሬዲዮ ይነገርለታል፤ ሲያልፍም ማለፉ ይታወቃል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. «ሳጋር» የተባለው ዐውሎ ነፋስ ጅቡቲንና ሶማሌላንድን አልፎ የእኛኑ የሶማሌ ክልል ሲመታ፣ ጥፋቱ ከባድ ቢሆንም ሰው ጎርፉ በጎደለ ማግሥት የቀረውን መቁጠር ይችል ነበር። የምድር ነውጥ ግን እንዲህ አይደለም። አይነገርለትም፤ ሲያቆምም ማቆሙን አይናገርም። ግድግዳውን ልጠግን ያለ ሰው፣ ነገ ደግሞ ቢመጣስ እያለ ጭቃውን ሳያቦካ ወራት ያልፋሉ።

መድረሳና ጂኦግራፊ

በልጅነታችን በመድረሳ ቀድመን ከሐፈዝናቸው አጫጭር ሱራዎች አንዷ ሱረቱ ዘልዘላ ናት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስምጥ ሸለቆን ይሥልልን ነበር። ጠዋት የቀራነውንና ከሰዓት የተማርነውን አገናኝተን አናውቅም። አሁን ግን ሕዝቡ ሁለቱንም ይጠይቃል።

ሸለቆው የተፈጠረው ሁለት ግዙፍ የምድር ክፍሎች በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር እየተራራቁ በመሄዳቸው ነው። መካከሉ ሲሳሳ ከሥር የቀለጠ ዐለት ወደ ስንጥቁ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን መካከል የሆነውም ይኸው እንደ ነበር ባለሙያዎች በሳተላይት ራዳር ምስል ተከታትለው አይተዋል። ቅልጡ ዐለት ወደ ላይ ፈንድቶ ሳይወጣ በጎን እየሰረገ ሲሄድ ምድሪቱን ያናውጣት ነበር።

ይህ አካባቢ ለነውጥ እንግዳ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በዚሁ በሰሜን ሸዋ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ በካራ ቆሬ በኩል የሚያልፈው የደሴ አውራ ጎዳናም ተሰነጣጥቋል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ ከተማ ፈርሳ ሰዎች ሞተዋል። ማጀቴ ግን ተመልሳ ተሠርታ ዛሬም ትኖራለች።

በአረርቲ ያገኘናቸው አንድ አናጺ ሽማግሌ ምክንያቱን በራሳቸው ቋንቋ ነገሩን። «ማገሩ ጠበቅ ብሎ የተመታ የእንጨት ቤት ሲናጥ ምርጊቱ ይረግፋል እንጂ ቤቱ አይወድቅም። ጭቃውን በጭድ አብኩቶ መልሶ መምረግ ነው። ብረት የሌለው ድንጋይና ብሎኬት ግን እጥፍ ማለት አያውቅም፤ ሲሄድ አንድ ጊዜ ነው።» መሐንዲሶችም የሚሉት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ድንኳኑ ሲፈርስ

ስለ አረርቲ ጽፎ የመስከረሙን ሐዘን መዝለል አይቻልም። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ በማርያም ዓመታዊ በዓል ላይ፣ በመሠራት ላይ በነበረው የአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የቆመው የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ከዓመት በፊት ምድሪቱ ስትናጥ አላህ ያተረፋት ከተማ በአንድ ማለዳ ልጆቿን አጣች። እኛ በደረስንበት ወቅት አራት ወር ገደማ ሆኖት ነበር።

በከተማዋ ሙስሊሞች ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ጉርብትናው ግን ጥብቅ ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ያገኘነው አንድ ባለሱቅ ወንድማችን፣ ጎረቤቱ በዚያች ዕለት ልጁን እንደ ቀበረ ነገረን። «በቀብሩ ቀን ያልመጣ የለም፤ ድንኳኑ ሰው አይበቃውም ነበር» አለን። «ሐዘን የሚጀምረው ግን ድንኳኑ ሲፈርስ ነው። ያን ጊዜ ቤቱ ባዶ ይሆናል። እኔ ዘወትር ጁሙዓ ከመስጊድ ስመለስ ጎራ እላለሁ። ብዙ አናወራም፤ ቡና እንጠጣለን፣ አንዳንዴ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እናወራለን። አንድ ጁሙዓ ሳልሄድ ብቀር ‹ምነው፣ አሞህ ነበር?› ብሎ እሱ ሱቄ ድረስ መጣ። እሱ እኔን ሊጠይቅ!»

ከዚህ ባለሱቅ የሰማነውን ይዘን ወደ ቆላው ወረድን። ጓደኛችንም አብሮን ሄደ።

በፈንታሌ ግርጌ

ከአረርቲ ወደ ሞጆ ተመልሰን፣ አዳማንና ወለንጭቲን አልፈን ወደ መተሐራ ስንቃረብ ምድሩ ይለወጣል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቁር የቀዘቀዘ ቅልጥ ዐለት ተከምሯል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፈንታሌ ከጎኑ ተሰንጥቆ ያፈሰሰው ዐለት ዛሬም በዚህ ምድር አለ። ቀጥሎ የበሰቃ ሐይቅ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ኩሬ ሆኖ የሚያውቁት ሐይቅ፣ ባለፉት 60 ዓመታት እየሰፋ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ደጋግሞ ሲያስቸግር ኖሯል። የመተሐራ ሰው ከምድር ጋር መደራደር ትናንት የጀመረ አይደለም።

በመተሐራ አንዲት አምስት ልጆች የሚያሳድጉ እናት ወደ ግቢያቸው አስገቡን። የቤታቸው ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቆ በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ ጠባሳው ግን በግልጽ ይታያል። የካቲት 7 ምሽት ከወጡ በኋላ ሦስት ወር ያህል ልጆቻቸውን ይዘው በሸራ ሥር ኖረዋል። ረመዷንን የጾሙት እዚያው ነው።

«ተምሩ ደርሶናል፤ አላህ ይስጣችሁ» አሉን፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደ ሆንን ሳያውቁ። «በረመዷን የሚያስፈጥረን አላጣንም። ከዒድ በኋላ ግን፣ ልጆቼ፣ መንገዱ ጭር አለ። ሸራው በፀሐይ መቀደድ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ደብተርና ሲሚንቶ የቸገረንም ያን ጊዜ ነው።»

ከዚያ ቀጥለው የነገሩን ይበልጥ አንገት ያስደፋን ነው። ከጎበኟቸው አንዱ በሸራው ደጃፍ ቆሞ፣ ይህ የደረሰባቸው በሥራቸው እንደ ሆነ፣ ተውበት እንዲያደርጉ መክሯቸው ሄደ። «ተውበትማ ለሁላችንም ነው፤ አልጠላሁትም» አሉ እናትየዋ። «ግን የመጣው ስለ ኃጢአታችን ጠየቀን እንጂ ስለ ቤታችን አልጠየቀንም። በዚያ ሰሞን ልጄ ትኩሳት ይዟት ነበር።»

ውድ አንባቢያን፣ ፍርዱ የፈራጁ ነው። ለእኛ የተተወልን የጎረቤት ሐቅ ነው፤ ስለሱም እንጠየቃለን። በችግር ላይ ላለ ሰው ምክር ይዘን ስንሄድ በሌላው እጃችን ምን እንደ ያዝን ማየት ይገባናል።

«ታዲያ ማን መጣ?» ስንላቸው ወደ ጎረቤት ግቢ በአገጫቸው ጠቆሙ። አንዲት የከረዩ አሮጊት፣ የራሳቸውም ቤት የተሰነጠቀ፣ በየማለዳው ለልጆቹ ወተት ያመጡላቸው ነበር። ላሞቹ ሲነጥፉ ወተቱ ቀረ፤ እሳቸው ግን ባዶ ቅላቸውን ይዘው መምጣታቸውን አልተዉም። «ዛሬስ ነቀነቀ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ቁጭ ይላሉ፤ ይሄዳሉ።

ግመል ቤት ይሸከማል

በማግሥቱ አዋሽ ሰባት ደረስን። ከተማው ዳር ያገኘናቸው አንድ የአፋር ሽማግሌ ከነቤተሰባቸው ከፈንታሌ ማዶ ወጥተው ዘመዶቻቸው ዘንድ የተጠጉ ናቸው። የአፋር ቤት ከጎበጡ እንጨቶችና ከሰሌን የሚሠራ፣ ሴቶች በአጭር ጊዜ ነቅለው በግመል የሚጭኑት ነው። ብዙ ቤተሰብ ከዕቃ መውደቅ ያለፈ አደጋ ያልደረሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው ቀላል ቤት ነው። ይህን ጠቅሰን «ቤታችሁስ አልጠፋም» ስንላቸው ሽማግሌው ፈገግ አሉ። በአስተርጓሚ የነገሩን እንዲህ ነው፤ «ግመል ቤት ይሸከማል። ግጦሽ አይሸከምም፤ የውኃ ጉድጓድ አይሸከምም፤ የልጆቹን ትምህርት ቤትም አይሸከምም።»

አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው፣ አንዳንዴም ተቀምጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። የትኛው መንገድ እንደ ተሰነጠቀ፣ የት ውኃ እንደ ደረቀ፣ የማን ቤተሰብ የት እንዳረፈ በእነዚያ ወራት በዚህ መንገድ ይተላለፍ ነበር። ሽማግሌው እኛንም ዳጉ ሳንቀባበል አልለቀቁንም። ስለ አረርቲ፣ ስለ መስከረሙ ሐዘን፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ባለሱቁ ሳይቀር ጠየቁን። ከሰም ወንዝ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ወርዶ እነሱ ዘንድ እንደሚደርስ አስታውሰው፣ «ውኃው ከእናንተ ይመጣል፤ ወሬው ግን አይመጣም ነበር» አሉን።

አገግመዋል ወይስ አላገገሙም?

ይህን ጥያቄ በየደረስንበት አነሣን። ብዙዎቹ ቤታቸው ገብተዋል። ሱቆች ተከፍተዋል፤ ልጆች ይማራሉ። ያልተመለሱም አሉ፤ ግማሽ ልባቸው ደጅ የሆነ፣ በር ገርበብ አድርገው የሚተኙም አሉ። እኛ ያየነው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ቶሎ ልቡ የተመለሰለት እርዳታ በብዛት የደረሰው ሳይሆን፣ እርዳታው ካቆመ በኋላም የሚጠይቀው ሰው ያላጣው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ ሞልቶታል። ችግሩ ሦስተኛው ወር ነው። ሰደቃችን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከተከመረ፣ ለሦስተኛው ወር ምን ይቀራል? የምንጃር ገበሬ ዝናቡን ሁሉ በክረምት አይጨርሰውም፤ ለበጋ ኩሬ ይቆፍራል። እኛም ለሰደቃችን ኩሬ ብንቆፍር ምናለበት?

ምድር ነገ ምን እንደምታደርግ አናውቅምና፣ ለየቤተሰቡ የሚሆን ጥቂት ምክር እንጨምር። ከልጆች አልጋ በላይ ከባድ ዕቃ አትስቀሉ፤ ቁም ሣጥንና መደርደሪያ ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ምድር ስትናጥ ልጆች ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ራሳቸውን እንዲሸፍኑና እግሩን እንዲይዙ፣ ከመስኮት እንዲርቁ፣ በደረጃ እንዳይሮጡ አስተምሯቸው። ውጭ ከሆኑ ከግንብና ከመብራት ምሰሶ ይራቁ። ነውጡ ሲያቆም የምግብ ማብሰያውን ጋዝና መብራቱን አጥፉ። ቤት የምትሠሩ በብሎኬቱ ላይ በብረት የታሰረ ቢም ዙሪያውን ሳታዞሩ ጣሪያ አትጫኑ። የፈራ ልጅን አትሣቁበት፤ ለጥቂት ሌሊት አብሯችሁ ይተኛ።

ትምህርት ቤት እንደ ተከፈተ ያቺን ተማሪ ፈለግናት። «ብርድ ልብስሽን የወሰደችውን ልጅ አላገኘናትም» አልናት። «ቤታቸው የገቡ አይተናል፤ ያልገቡም አይተናል። እሷ ከየትኞቹ እንደ ሆነች አናውቅም።» የመተሐራዋን እናት፣ የከረዩዋን አሮጊትና የአፋሩን ሽማግሌ ታሪክ ነገርናት። እስከ መጨረሻው ሰማችና «ተመልሳችሁ መቼ ትሄዳላችሁ?» አለችን።

ረመዷን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። በረመዷን ብዙ ሰው እንደሚሄድ እናውቃለን። ስለዚህ «ከዒድ በኋላ» አልናት። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። በዚህ ጊዜ መሸሻ የለንም፤ እናንተም ምስክር ሁኑብን።